ገመዱን የያዘው

እትዬ ወለተ ኪዳን ወሬውን የጀመሩት ሰኞ ነው። ማክሰኞ ደገሙት። ረቡዕ ደግሞ ጌሾ ሊገዛ ለቆመ ሰው ሁሉ እንደ ምራቂ እየጨመሩ አደሉት።

«ሦስት ሽማግሌ! ሦስቱም ነጭ ጋቢ፣ ሦስቱም ከዘራ! እሑድ ከቅዳሴ መልስ ከሂዊ አባት ሆቴል በር ሲወጡ በነዚህ ዓይኖቼ አይቻለሁ። የሰማዩ ልጅ ልኳል። ሂዊን ሊያገባ ነው።»

የሰማዩ ልጅ የሚሉት የፓራሹት ዝላይ አሠልጣኙን እንዳላማውን ነው። የጌሾ መደባቸው ከልብስ ስፌት ሱቃችን ፊት ለፊት ስለሆነ የሚናገሩት ሁሉ በቀጥታ ወደ እኔ ጆሮ ይገባል።

«አንች አልሰማሽም፣ ሥራነሽ?»

«እርስዎ እያሉ ያልሰማ ሰው ደብረ ማርቆስ ውስጥ አለ እንዴ፣ እትዬ?» አልኳቸው፣ በጥርሴ የነከስኩትን ስፒል ሳላወጣ።

ሳቁ። እኔም የሳቅኩ መሰልኩ። እግሬ ግን ፔዳሉን እየረገጠ ሄዶ የአንድ መምህር ሱሪ ኪስ ከነአፉ ሰፍቼ ዘጋሁት።

ከአሥረኛ ክፍል ወዲህ ያለውን ትምህርት ራሴን ያስተማርኩት እኔው ነኝ። እናቴ ስትሞት ከአባቴ ጎን ያለው የስፌት መኪና ባዶውን ቀረ፤ እኔ ተቀመጥኩበት። የዩኒቨርሲቲ ልጆች ሱሪ ሊያሳጥሩ መጥተው ረስተውት የሚሄዱትን መጽሐፍ ሁሉ አነባለሁ። ሲመለሱ ከውስጡ አንድ ጥያቄ እጠይቃቸዋለሁ፤ ካልመለሱ እሰድባቸዋለሁ። እንዳላማውንም የተዋወቅኩት በስድብ ነው።

ታኅሣሥ ውስጥ ነበር። ከአዲስ አበባ የመጣ አንድ የፓራሹት ዝላይ ክበብ ከከተማው ወጣ ብሎ ባለው ሜዳ ድንኳን ተክሎ፣ አንዲት ትንሽ አውሮፕላን አቁሞ፣ ወጣቶችን ማሠልጠን ጀምሯል ሲባል ሰምቼ ነበር። ከአሠልጣኞቹ አንዱ የኛው ከተማ ልጅ ነው፤ አባቱ ግማሹን የእህል በረንዳ የያዙ ነጋዴ፣ እሱ ውጭ አገር ተምሮ የተመለሰ። አንድ ቀን ክንዱ ላይ የተቀደደ የመዝለያ ቱታ ይዞ በራችን ላይ ቆመ።

«ለነገ ይደርስልኛል?»

ቱታውን ገልብጬ አየሁት። «ማነው የሰፋው?»

«ፋብሪካ ነዋ።»

«ፋብሪካው እንቅልፍ ላይ ነበር። እዚህ ጋ ክሩ ዘሏል። አንተ ሳትዘል ልብስህ ቀድሞህ ዘሎ ጨርሷል።»

የሀብታም ልጅ ልብስ ሰፊን ሲያይ የሚያየው እጇን ነው፤ ሥራው የት እንደደረሰ ለማወቅ። እሱ ፊቴን አየ። ዓይኑን ቶሎ አላነሳም፤ እኔም አልሰበርኩለትም።

«ፓራሹት አይተሽ ታውቂያለሽ?» አለኝ።

«አንተ ሰፍተህ ታውቃለህ?»

ከዚያ ቀን ወዲህ ቱታው በየሳምንቱ ይቀደድ ጀመር። ሦስተኛውን ቅዳድ ሳየው በመቀስ የተሠራ ነው። እሱንም ሰፋሁለት።

መዝለል እንደምፈልግ ስነግረውም አልሳቀም። ጀማሪ ሁለት መንገድ አለው አለኝ። አንደኛው ከአስተማሪው ደረት ጋር በቀበቶ ታስሮ መዝለል ነው። ይህን አባቴ ሲሰማ መቀሱን አስቀመጠ። «ከወንድ ደረት ጋር ታስራ? ያውም አገር ሽቅብ እያየ?» ሁለተኛው ብቻን መዝለል ነው። ከፓራሹቱ የሚወጣው ገመድ ጫፍ አውሮፕላኑ ውስጥ ይታሰራል፤ ስትወድቂ ገመዱ ይወጠርና ፓራሹቱን ይከፍትልሻል።

«ከላይ ገመድሽን የሚይዝልሽ ሰው አለ፤ የቀረው ያንቺ ድፍረት ነው» አለኝ እንዳላማው።

«ማነው የሚይዝልኝ?»

«እኔ ነኛ።»

እንዲህ ነበር ያለኝ። «እኔ ነኛ» ብሎኝ ነበር።

የቀረው የአባቴ ፊርማ ነበር። አንድ አባት ዱላ ይዞ ሜዳው ድረስ ከመጣ ወዲህ ክበቡ ከቤተሰቡ ጋር የሚኖር ሠልጣኝ ሁሉ የወላጅ ፊርማ ያምጣ ብሏል። ቅጹን አባቴ የስፌት መኪና ላይ አስቀመጥኩለት። አጣጥፎ ከሚወላገደው የመኪናው እግር ሥር ወተፈው። ሁለት ሳምንት ሙሉ ሞገትኩት።

«መሬት ላይ እንኳ አንቺን መጠበቅ አቅቶኛል፤ ሰማይ ላይ ማን ይጠብቅሻል?» ይለኛል።

«ፊዚክስ» እለዋለሁ።

እትዬ ወለተ ኪዳን ወሬውን በነዙበት ሳምንት፣ ሐሙስ ከሰዓት፣ ከልምምድ ስመለስ ቅጹ ከካውያው አጠገብ ተፈርሞ ጠበቀኝ። በአረንጓዴ ቀለም። እኛ ቤት የልብስ ጠመኔና አንድ ሰማያዊ እስክሪብቶ እንጂ ሌላ የለም፤ አረንጓዴው ከየት መጣ ብዬ አንድ ጊዜ አሰብኩና ተውኩት። አባቴም ቀና ሳይል «ዝለይ እንግዲህ» አለኝ። ሞግቼ ረታሁ። የረታ ሰው የቀለም ዓይነት አይጠይቅም።

ደስታዬን ልነግረው ዓርብ ጠዋት ወደ ሜዳው ስሮጥ ግን ሌላ እንዳላማው ጠበቀኝ። ቅጹን ተቀበለ፤ ፊርማውን አየ፤ አጠፈው። «ጥሩ ነው» አለ። በቃ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ከአፉ የሚወጣው የሥልጠና ቃል ብቻ ሆነ። «ጉልበትሽን ግጠሚ።» «አገጭሽን ወደ ደረትሽ።» «ቁጠሪ።» ከክበቡ አይሱዙ መኪና ጀርባ ወደ አሸዋው መዝለል ስንለማመድ እጁን ሊሰጠኝ ይዘረጋና እንደ ተቃጠለ ሰው መልሶ ይሰበስባል።

እኔም «ጉልበትሽን ግጠሚ» የምትለዋን ቃል ወስጄ እንደ ፍቅር ደብዳቤ ተነተንኳት። ጉልበቴን የጠራው ስለ ጉልበቴ ስለሚጨነቅ ነው? ወይስ ያሥራ አንዱም ሠልጣኝ ጉልበት ለሱ አንድ ነው? የታጨ ወንድ ከሌላ ሴት ይርቃል፤ ይህ ገባኝ። ታዲያ የታጨ ወንድ እኔ ወደ አሸዋው በወረድኩ ቁጥር ለምን ትንፋሹን ይይዛል? ይህ አልገባኝም።

ሂዊን እንዳልጠይቃት ብትታጭም አታውቅም። በኛ አገር ሽማግሌ ሲመጣ የሚያውቀው አባት ነው፤ ልጅቱ የምትሰማው ነገሩ ካለቀ በኋላ ነው። እሱን እንዳልጠይቀው ደግሞ… እኔ? ልብስ ሰፊዋ ሥራነሽ የነጋዴ ልጅ በር ቆማ «እውነት ነው?» ልትል?

በአፌ አልጠይቅም ብዬ በጽሑፍ ጠየቅኩት። አራት መስመር። ወረቀቱን አራት ላይ አጥፌ፣ ጠርዙን በቀይ ክር ዙሪያውን ሰፍቼ፣ በተጠገነው ቱታ ኪስ ከተትኩት። በማግሥቱ መለሰልኝ። ክሩ አልተቆረጠም።

«አላነበብኩትም» አለኝ መሬት መሬቱን እያየ። «አሁን ላነበው አልችልም።»

«ይቅርታ፤ ፊደል የቆጠርክ መስሎኝ ነው» አልኩትና ሄድኩ። አሥር እርምጃ ያህል ቀጥ ብዬ ተራመድኩ። ከዚያ በኋላ ያለውን አካሄዴን አላስታውስም።

የዝላዩ ቀን ዐቢይ ጾም ሊገባ አንድ ሳምንት ሲቀረው ነበር። ነፋሱ ሳይነሳ በጠዋቱ አውሮፕላኗ ውስጥ ገባን። ገመዱን ሊያስር የተጠጋኝ ግን እንዳላማው አልነበረም፤ ሻምበል የምንላቸው ሽማግሌው አሠልጣኝ ናቸው።

«እንዳላማውስ?» አልኩ።

«ሬዲዮ ላይ ነው፣ መሬት። መሬት መድቡኝ ብሎ ራሱ ለመነኝ» አሉና ገመዱን ሁለት ጊዜ ስበው አሳዩኝ። «ይኸው ታስሯል። እመኚው።»

ምኑን ልመን?

በሩ ሲከፈት ደብረ ማርቆስ ከእግሬ ሥር ነበረች፤ ቆርቆሮዋ ሁሉ እንደ ተበተነ ቁልፍ ያብረቀርቃል። በስተሰሜን ጮቄ ደመናውን ትከሻው ላይ ጥሎ ተቀምጧል። ሻምበሉ ጀርባዬን ነካ አደረጉኝ። ያን ሁሉ ሰው በምላሴ የረታሁ ሴት አንድ ቃል አጣሁ። እጄን ለቀቅኩ።

ቆጠርኩ፤ አንድ ሺህ። ሁለት ሺህ። ሦስት ሺህ። አራት…

አንድ ነገር ትከሻዬን ጨምድዶ አንጠለጠለኝ፤ ከዚያ ድምፅ የሚባል ነገር ከዓለም ጠፋ። ቀና ስል ፓራሹቱ እንደ ታጠበ አንሶላ ተዘርግቷል። በራስ ቁሬ ውስጥ ያለው ሬዲዮ ተንጫጫ።

«ሥራነሽ፤ ወደ ላይ እዪ። አራት ማዕዘን ነው? ከሰማሽኝ እግርሽን አወዛውዢ።»

አወዛወዝኩ። ሬዲዮው መስሚያ እንጂ መናገሪያ የለውም፤ ለሠልጣኝ እንዲህ ነው። እሱ ይናገራል፣ እኔ እሰማለሁ። በሕይወቴ መልስ መስጠት ያልቻልኩት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

«መሪ ገመዶቹን ያዢ። ቀኝ። ጎበዝ። አሁን ግራ። ጎበዝ።» ከዚያ ድምፁ ዝቅ ብሎ፣ የአሠልጣኝነቱ ነገር ተነቅሎለት መጣ። «ሥራነሽ፤ አሁን ዙሪያሽን እዪ። ለማንም ብለሽ አይደለም። ያንቺ ነው፤ እዪው።»

አየሁት። ያላየሁት ነገር አልነበረም፤ ግን በእንባ ነበር። ማንም የማይሰማኝ ስለሆነ አፌን ሞልቼ ጮኽኩ።

«ትወደኛለህ ወይስ አትወደኝም?»

ሬዲዮው ተንጫጫ። «ጥሩ ነው። እንደዚሁ ቀጥይ።»

ሳቄ መጣ። ሳቄ ሳያልቅ ወደ ታች ተመለከትኩ። በሜዳው መካከል ከነጩ የማረፊያ ምልክት አጠገብ ሬዲዮ የያዘ ሰው ቆሟል። ዝላዩን ሊያይ ከመጣው ሰው መካከል ቢጫ ሻሽ ያደረገች ሴት ከጎኑ ቆማ ጃኬቱን ይዛለታለች። ያንን ሻሽ ከተማው ሁሉ ያውቀዋል። ሂዊ ናት።

«አሁን ወደ ግራ፣ ወደ ምልክቱ።»

ቀኙን ሳብኩ።

«ግራ፣ ሥራነሽ። ግራ።»

ቀኙን አጥብቄ ሳብኩ። ሜዳው ከሥሬ ሸሸ፤ ሂዊም፣ ቢጫ ሻሿም፣ እሱም ሸሹ።

«ሥራነሽ! ግራ! ኧረ በማርያም… ሥራዬ! ሥራዬ፣ ግራ!»

ሥራዬ ብሎኝ አያውቅም። ቃሉ እጄን አፈዘዘው፤ ስነቃ ግን ጊዜው አልፏል። ደጋ ላይ አየሩ ስስ ነው፤ መሬት ከጠበቅሽው ፈጥኖ ይመጣል። «ሁለቱንም ሳቢ! ሳቢ!» ሲል ሳብኩ፣ ጉልበቴን ገጠምኩ፣ አገጬን ወደ ደረቴ አደረግኩ፤ በአንድ ገበሬ የጤፍ ጭድ ክምር ውስጥም እስከ ወገቤ ገባሁ።

ባለ ክምሩ አንሙት የሚባሉ ሰው ናቸው። መንሻቸውን እንደ ጦር ይዘው ዞሩኝ።

«አንች! ሰው ነሽ?»

«ሰው ነኝ፣ አባቴ።»

«የማን ልጅ ነሽ?»

«የልብስ ሰፊው የአካለ ወልድ።»

መንሻውን ዝቅ አደረጉ። «አካለ ወልድን አውቀዋለሁ፤ ይችን ኮት የሰፋልኝ እሱ ነው። ታዲያ እንደ ሰው በመንገድ አትመጭም ነበር?»

ልመልስላቸው ስል እንዳላማው አጥሩን ዘሎ መጣ። አፈር ለብሷል፤ አንድ ጫማው የለም። ከፊቴ ተንበርክኮ ቁርጭምጭሚቴን ያዘ።

«እዚህ ጋ ያምሻል? እዚህስ? እግርሽን አንቀሳቅሺው እስቲ።»

እጁን ይዤ ማልቀስ ነበር ያማረኝ። ነገር ግን ከኋላው ሠልጣኞቹ፣ የሰፈሩ ሰው፣ በመጨረሻም ጃኬቱን በክንዷ አንጠልጥላ ሂዊ ደረሱ።

«ተነስ» አልኩት። «ሌላ ቤት ሽማግሌ ልኮ እኔ እግር ሥር የሚንበረከክ ሰው አልፈልግም።»

ቀና ብሎ አየኝ። «ወደ ሌላ ቤት አልላክሁም።»

«ሦስቱ ሽማግሌ ታዲያ ለሽርሽር ነው የወጡት?»

«ልኬያለሁ። ግን…»

«ላክህ ወይስ አልላክህም?»

«ሥራነሽ…»

«ግን ምን? ግን ምን፣ እንዳላማው?»

አፉን ከፈተ። ያ ሁሉ ሰው ጠበቀ፤ ከሁሉም አብልጬ የጠበቅኩት እኔ ነኝ። አንዲት ቃል ብትወጣ፣ ውሸትም ብትሆን፣ አምኜ ልቀበላት ተዘጋጅቼ ነበር።

«ልነግርሽ አልችልም» አለኝ።

«ማንበብ አትችል። መናገር አትችል። ውጭ አገር ድረስ ሄደህ ምን ተምረህ መጣህ?» አንድ ሰው ሳቀ፤ ሳቁ እንደ ቤንዚን አቀጣጠለኝ። «እኔ ልንገርህ። አንተ ከላይ ገመድ የሚይዝልህ አባት ባይኖር ከበርጩማ ላይ እንኳ አትዘልም። እኔ የዛሬዋን ዝላይ በራሴ አምጥቻታለሁ፤ የማንም እጅ የለበትም። ከዛሬ ጀምሮ ስሜን እንዳትጠራ።»

ማንም አልሳቀም። በኛ አገር በአደባባይ የተዋረደ ወንድ ያንን ደጅ ዳግመኛ አይረግጥም፤ ይህን እያወቅኩ ነው የተናገርኩት። እንዳላማው ተነሳ። የተዝረከረከውን ፓራሹቴን ከጭዱ እየለቀመ ሰብስቦ እንደ ተኛ ሕፃን አቀፈው። ዓይኑ ዓይኔ ላይ ቆየ፤ ቁጣ ፈልጌበት ነበር፣ አላገኘሁም።

«እንኳን በሰላም አረፍሽ» አለኝ። በአንድ ጫማ እያነከሰ ሄደ።

ያሸነፍኩ ሰው ለምን እንደዚያ እንደበረደኝ እስካሁን አላውቅም።

እህል ነጋዴው የልጃቸውን መዋረድ ሲሰሙ ድሮም ያሰቡለትን አደረጉ። በጾሙ መካከል እሳቸው የላኳቸው ሽማግሎች ወደ ሂዊ ቤት ሄዱ። እትዬ ወለተ ኪዳን «አላልኩም?» ብለው ደስ አላቸው። ሠርጉ ለዳግማ ትንሣኤ ተቆረጠ፤ የሙሽራዋም ቀሚስ፣ ከተማው ውስጥ ከኛ የተሻለ ሰፊ የለምና፣ ወደ ሱቃችን መጣ። ሂዊ ስትለካ ዓይኔን አላየችም። እኔም የወገቧን ልክ አንዴም ሳልሳሳት መዘገብኩ። ኩራት ለዚህ ለዚህ ይጠቅማል።

የሠርጉ ዋዜማ ቀትር ላይ ጠርዙን እየጨረስኩ ነበር። አባቴ መነጽሩን አውልቆ ቀሚሱን ሲያይ ቆየና «ጨዋ ልጅ ነበር» አለ።

«ማን?»

«እንዳላማው። አንቺ አልወደድሽውም እንጂ። አገር ፊት እንደዚያ ስትይው ጊዜ፣ ልቧ ካልፈቀደ ምን አደርጋለሁ ብዬ ተውኩት። አሁንማ ያለፈ ነገር ነው፤ ብነግርሽ ምንም አያመጣም።»

መርፌው ቆመ። አባቴ አላየም።

«ሽማግሎቹ እኮ እነ ሂዊ ሆቴል ውስጥ ተገናኝተው፣ አንቺ ቤት ሳትኖሪ፣ ወደ እኛ ነበር የመጡት። አባቱ ስላልፈቀዱ በአጎቱ በኩል ላከ። ልጁን ራሱን አምጡልኝ አልኩ። ሐሙስ ዕለት መጣ፤ አንቺ እዚያው ሜዳ ነበርሽ። እስቲ ልፈትነው ብዬ፣ ‹ልጄን ሁለት ነገር አልሰጣትም፤ ወይ ይህን ዝላይ ወይ አንተን። አንተ ምረጥላት። ዝላዩን ከመረጥክ ሽማግሌህን ታነሳለህ፤ ከፓራሹት በቀር ሌላ ወሬ አታወራትም፤ ይህንንም እኔ ሳልፈቅድ አትነግራትም፣ ልጄ ውለታ አትወድም› አልኩት።» አባቴ ፈገግ አለ። «ከዘለልሽ በኋላ ልኬ ላስጠራው ነበር ሐሳቤ። እሱ ያንን ምን ያውቃል?»

«ምን አለ?» አልኩ።

አባቴ የቁልፍ ቆርቆሮውን ከፈተና ሲፈልግ ቆይቶ አንድ እስክሪብቶ አወጣ። አረንጓዴ ነው፤ ጎኑ ላይ የክበቡ ትንሽ ክንፍ ተስሏል።

«ከመኪናዬ እግር ሥር ጎንበስ ብሎ ቅጹን አወጣ። ዘረጋጋው። ከዚያ ይህን ከኪሱ አውጥቶ ሰጠኝና ‹ይፈርሙላት› አለኝ። ይህንን ሳልመልስለት ቀረሁ።» እስክሪብቶውን በተጣጠፈው የሙሽራ ቀሚስ ላይ አስቀመጠው። «ልብሱን ስታደርሺ አብረሽ ስጪልኝ።»